የቤት ዩፒኤስ ባትሪ መቀየር፦ ምን ይገዛል፣ እንዴት ይገባል፣ ለምን ቶሎ ይሞታል

መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ (ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆየው ሣጥን) አንዴ ጮሆ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ድርግም ካለ፣ ብዙ ሰው «ተቃጠለ» ብሎ አዲስ ሊገዛ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሞተው ውስጡ ያለው ባትሪ ብቻ ነው። የማሽኑ ቦርድና ትራንስፎርመር ባትሪው ሁለትና ሦስት ጊዜ እስኪቀየር ድረስ ይቆያሉ። ባትሪው ደግሞ በጥሩ ሁኔታ ከተያዘ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚቆየው። መቀየሩ 20 ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። አስቸጋሪው አዲሱ ባትሪ በዓመቱ ድጋሚ እንዳይሞት ማድረጉ ነውና እዚህ ላይ በደንብ እቆያለሁ።

የማወራው በየቤቱና በየትንንሽ ቢሮው ስለሚገኘው ከ500 እስከ 1500 ቪኤ (ቮልት አምፔር፣ የማሽኑ አቅም መለኪያ) ስላለው ዩፒኤስ ነው። በ650 ቪኤ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለ። ከ1000 ቪኤ በላይ ያሉት ብዙዎቹ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ተያይዞ 24 ቮልት ነው የሚይዙት። ባትሪው የታሸገ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው፤ አሲዱ በመስታወት ክር ምንጣፍ ውስጥ ተመጥጦ ስለተቀመጠ ውኃ አይጨመርበትም፣ ቢጋደምም አይፈስም።

በእርግጥ ባትሪው ነው ወይ?

ከመፍታታችሁ በፊት ጭነቱን ተመልከቱ። ካውያ፣ ስቶቭ፣ ፍሪጅ ወይም ሌዘር ፕሪንተር የተሰካበት ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ ቢጠፋ ባትሪው ጥፋተኛ አይደለም። የ650 ቪኤ ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ብቻ ነው የሚችለው፤ ሌዘር ፕሪንተር ሲሞቅ ለአፍታ ብቻውን ከዚያ በላይ ይስባል። ሁሉንም ነቅላችሁ ከ20 እስከ 40 ዋት የሚሆን ነገር ብቻ ሰክታችሁ ስፒናውን ከግድግዳ ንቀሉ። በዚህች ቀላል ጭነት ወዲያው ከጠፋ ወይ ባትሪው ሞቷል፣ ወይ የባትሪው ሽቦ ላልቷል፣ ወይ ቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ ፊውዝ ተቃጥሏል።

ቀጥሎ መለካት ነው። ማንኛውም ርካሽ መልቲሜትር ይበቃል። ባትሪውን አውጥታችሁ፣ ከቻርጅ ከተላቀቀ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት ካረፈ በኋላ ለኩት። ሙሉ የሆነ ጤነኛ ባትሪ ከ12.8 እስከ 13 ቮልት ያሳያል። 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ነው። ሲሞላ አድሮም 10.5 ላይ የቆመ ባትሪ አንዱ ሴል ውስጥ ለውስጥ ኮንታክት አድርጓል፤ ባትሪው እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት የሆኑ 6 ሴሎች ስላሉት፣ አንዱ ሲጎድል የሚቀረው ልክ ይህ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ በምንም ቻርጀር አይነሳም።

ሰው የሚሳሳተው ሌላኛው ላይ ነው። ያረጀ ባትሪ ባዶውን ሲለካ 12.7 ሊያሳይ ይችላል፤ ጭነት ሲገባበት ግን በሰከንዶች ወደ 8 ይወርዳል። ስለዚህ ቮልት ብቻ መለካት አይበቃም፣ እያሠሩ መለካት ያስፈልጋል። ለዚህ ከመኪና ዕቃ መሸጫ የሚገኝ ባለ 55 ዋት የፊት መብራት አምፖል በቂ ነው። ሁለት ሽቦ አያይዙለትና ባትሪው ላይ አብሩት፤ ወደ 4.6 አምፔር ይስባል። አዲስ 7 አምፔር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ባትሪ ከአምስት ደቂቃ በኋላ 12 ቮልት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ላይ ይቆያል፣ አምፖሉንም ወደ አንድ ሰዓት ያህል ያበራል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከ11 በታች የወረደ ባትሪ አልቆለታል። ሰዓት ይዛችሁ 10.5 እስኪደርስ ከጠበቃችሁ የቀረውን አቅም በግምት ታገኛላችሁ፤ 30 ደቂቃ ከቆየ ግማሽ ያህል ቀርቶታል ማለት ነው፣ ያኔ መቀየር አለበት። ከ10.5 በታች ግን አታውርዱት። አምፖሉ ያቃጥላልና ፕላስቲክ ወይም ምንጣፍ ላይ አይቀመጥ።

ጎኑ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ፣ ወይም እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸት ባትሪ አይለካም፣ አይሞላም። ዩፒኤሱን ወዲያው አጥፍታችሁ፣ ነቅላችሁ፣ መስኮት ክፈቱ።

ምን ይገዛል

አሮጌው ባትሪ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሱ። በአብዛኛው «12 ቮልት 7» ወይም «12 ቮልት 9 አምፔር ሰዓት» ይላል። ሁለቱም አካላቸው አንድ ነው፤ ርዝመቱ 151፣ ስፋቱ 65፣ ቁመቱ 94 ሚሊ ሜትር፣ ከምላሱ (ሽቦው ከሚሰካበት ብረት) ጋር 100 ገደማ። ስለዚህ 7 የነበረበት ቦታ 9 ይገባል፤ ዋጋው ብዙ ካልተራራቀ እኔ ሁልጊዜ 9ኙን ነው የምመክረው። የዩፒኤሱ ቻርጀር ትንሽ ዘግየት ብሎ ይሞላዋል እንጂ ምንም አይሆንም። ባለ 12 አምፔር ሰዓቱ ስፋቱ 98 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አይገባም። ትንሹ ባለ 4.5 ወይም 5 ደግሞ ቅርጹ ሌላ ነው፣ በ500 ቪኤ ማሽኖች ውስጥ ይገኛል። ኤፒሲን የመሳሰሉ አምራቾች ባትሪውን በራሳቸው ቁጥር ይሸጣሉ፤ «አርቢሲ 2» የሚባለው ውስጡ ተራው 12 ቮልት 7 ነው፣ «አርቢሲ 17» ደግሞ 12 ቮልት 9። ቁጥሩን ፍለጋ ከተማ መዞር አያስፈልግም።

አምፔር ሰዓት ሁሉንም አይናገርም። 7 አምፔር ሰዓት የሚለው ቁጥር የተለካው ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ፣ በ0.35 አምፔር ሲያልቅ ነው። ዩፒኤስ ግን ባትሪውን በደቂቃዎች ነው የሚጨርሰው። ኮምፒውተርና ስክሪን ተደምረው 180 ዋት ቢስቡ፣ ማሽኑ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመር ከባትሪው 220 ዋት ገደማ ይወጣል፤ ወደ 19 አምፔር ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት 7 አምፔር ሰዓቱ በሒሳብ እንደሚመስለው 22 ደቂቃ አይቆይም፣ 10 ደቂቃ ያህል ነው። ለዚህ ሲባል ለዩፒኤስ ተብሎ የተሠራ ባትሪ ላይ ከአምፔር ሰዓቱ ይልቅ በዋት የተጻፈውን ፈልጉ፤ «34 ዋት በሴል» የሚል ካለ 6 ሴል ሲባዛ 204 ዋት ለ15 ደቂቃ ይችላል ማለት ነው። ለማንቂያ ደወል ወይም ለቻርጅ መብራት ተብሎ የተሠራ 12 ቮልት 7 መልኩ አንድ ቢሆንም፣ ፕሌቶቹ (ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች) ለእንዲህ ያለ ፈጣን ፍሰት የተሠሩ አይደሉም።

ምላሱን አትርሱ። ሁለት ዓይነት አለ፦ ጠባቡ ኤፍ 1 ይባላል፣ ስፋቱ 4.75 ሚሊ ሜትር ነው። ሰፊው ኤፍ 2፣ 6.35 ሚሊ ሜትር። አብዛኛው ዩፒኤስ ሰፊውን ይፈልጋል፤ ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ግን አንዳንዴ ጠባቡ ነው። ሰፊውን ማያያዣ ጠባብ ምላስ ላይ ብታስገቡት ይገባል፣ ይሠራልም፤ ነገር ግን ይላላል። የላላ መጋጠሚያ 19 አምፔር ሲያልፍበት ይግላል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ ከዚያም በላይ ይሄዳል። በፒንሳ ጨፍልቆ ማጥበቅ ለጊዜው የያዘ ይመስላል እንጂ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይላላል። ከኤፍ 1 ወደ ኤፍ 2 የሚቀይር ትንሽ መጋጠሚያ አለ፤ እሱ ካልተገኘ ትክክለኛውን ባትሪ መፈለጉ ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ

መርካቶም ሄዳችሁ ግዙ፣ ሰፈር ካለ ሱቅ፣ መልቲሜትራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እንዲህ ያለ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል። በ25 ዲግሪ ሙቀት በወር 3 በመቶ ያህል ከራሱ ይጎድላል፤ ቻርጅ ሳይደረግ ስድስት ወር ከተቀመጠ ፕሌቶቹ ላይ ጠጣር የሰልፌት ክሪስታል መሥራት ይጀምራል፤ የቆየ ክሪስታል ደግሞ በቻርጅ አይሟሟም። «አዲስ» ብላችሁ የገዛችሁት ባትሪ በስምንት ወሩ የሚሞትበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው፤ ስትገዙት ግማሹ ሞቶ ነበር።

የማደርገውን ልንገራችሁ። ካርቶኑ ሳይዘጋ እዚያው እለካዋለሁ። 12.7 እና ከዚያ በላይ ካለው እሺ። 12.5 ከሆነ ሌላ እንዲያወጡልኝ እጠይቃለሁ። ከ12.4 በታች የሆነውን በቅናሽም አልወስድም። ቀጥሎ የተመረተበትን ቀን እፈልጋለሁ። አንዳንዱ በግልጽ ያትመዋል፣ ሌላው ክዳኑ ላይ በቁጥር ይወቅረዋል። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና 2024 የሚል ካያችሁ በእኛ 2016 ወይም 2017 ነው፤ ይህን ሳያስቡ «ገና ያልመጣ ዓመት ነው» ብለው የሚደሰቱ ገዢዎች አሉ። በመጨረሻ ሚዛን ካለ ይመዘን። እውነተኛ ባለ 7 ከ2 እስከ 2.6 ኪሎ ይመዝናል፣ ባለ 9 ከ2.4 እስከ 2.8 አካባቢ። «9» ተብሎ የተለጠፈበት 1.7 ኪሎ የሆነ ባትሪ ውስጡ እርሳስ ጎድሎታል፤ እርሳስ ከጎደለ አቅሙም ጎድሏል፣ መለያው ምንም ይበል።

ማሽናችሁ ሁለት ባትሪ ከያዘ ሁለቱንም በአንድ ቀን ቀይሩ። አንዱ ብቻ ሞቷል ብሎ አንዱን መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። በተከታታይ የተያያዙ ባትሪዎች አንድ ዓይነት ጅረት ነው የሚያልፍባቸው፤ አሮጌው ቶሎ ይሞላና አዲሱ ገና ሳይጠግብ ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሲወጣ ደግሞ ቀድሞ ያልቃል። ሁለቱም አብረው ይጎዳሉ። ስትገዙ አንድ ስም፣ አንድ የምርት ቀን፣ የቮልታቸው ልዩነት ከ0.1 ያልበለጠ ይሁን።

ዘመድ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ ያምጣልኝ የሚል ካለ፣ በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ደንብ መንገደኛ ሊይዘው የሚችለው የማይፈስ ባትሪ ከ12 ቮልትና ከ100 ዋት ሰዓት መብለጥ የለበትም፣ ትርፍም ሁለት ብቻ ነው። 12 በ7 ሲባዛ 84 ነው፣ ያልፋል። 12 በ9 ግን 108 ነው፣ አያልፍም። ምላሶቹ በናስትሮ ይሸፈኑ፣ አየር መንገዱም አስቀድሞ ይጠየቅ።

መፍታትና መግጠም

የሚያስፈልገው መስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ መልቲሜትርና ስልክ ነው። የካቻቢቴውን የብረት ዘንግ ከጫፉ በስተቀር በናስትሮ ጠቅልሉት። ሰዓት፣ ቀለበትና የእጅ አምባር ይውለቅ። 12 ቮልት ሰው አይገድልም የሚባለው ልክ ነው፤ ነገር ግን የዚህ ባትሪ የውስጥ መቋቋም ከ0.025 ኦም ያነሰ ስለሆነ፣ ሁለቱ ምላሶች በቀለበት ቢነካኩ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይፈስሳል። ወርቁ ጣት ላይ እያለ ይግላል።

ዩፒኤሱን አጥፉ፣ ስፒናውን ከግድግዳ ንቀሉ፣ ከጀርባው የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ። ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ለአምስት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ ውስጥ የቀረው ይወጣል። ስፒናው ላይ አደራ የምለው በምክንያት ነው። በብዙ የቤት ዩፒኤሶች የባትሪው መስመር ከግድግዳው 220 ቮልት ተነጥሎ አልተሠራም። ስፒናው እንደተሰካ የባትሪውን ምላስ መንካት የግድግዳውን መስመር እንደመንካት ሊሆን ይችላል። ባትሪ ሳይጠፋ የሚቀየርባቸው ማሽኖች አሉ፤ መመሪያው ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ግን የእናንተ ከእነሱ አንዱ አይደለም ብላችሁ ያዙት።

አንዳንዱ ከሥሩ የሚንሸራተት ክዳን አለው፣ ጎኑን አስተኝታችሁ ትከፍቱታላችሁ። ሌላው አራት ብሎን ተፈቶ ቅርፊቱ ለሁለት ይከፈላል። ብሎኖቹ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ናቸውና ረጅም ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ የፊት ሰሌዳው ከቦርዱ ጋር በቀጭን ሽቦ ተያይዞ ሊሆን ስለሚችል በኃይል አትገንጥሉት። ሲከፈት መጀመሪያ ፎቶ አንሱ፤ የትኛው ሽቦ የት እንደተሰካ፣ ባትሪው ወዴት ዞሮ እንደተቀመጠ።

ጥቁሩን መጀመሪያ ንቀሉ፣ ነቅላችሁም ጫፉን በናስትሮ ሸፍኑት፤ ከዚያ ቀዩን። ሽቦውን ይዛችሁ አትሳቡ፣ የብረት ማያያዣውን በፒንሳ ይዛችሁ ግራ ቀኝ እያላችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። አሮጌው ላይ ምንም ቢደረግ አይጎዳም ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ማያያዣው ከተሰበረ ሌላ ማሰር ሊኖርባችሁ ነው። ማያያዣው ላይ ነጭ ወይም ሰማያዊ ዱቄት ካለ አሲድ ያንጠባጠበበት ነው፤ በቤኪንግ ሶዳና በትንሽ ውኃ በጥርስ ብሩሽ አጽድታችሁ በደንብ አድርቁት። አሲድ ቆዳ ከነካ ብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ፤ ዓይን ከነካ ውኃውን ሳታቋርጡ ሐኪም ዘንድ።

ያበጠ ባትሪ ቦታው ላይ ተሰንጎ አልወጣ ሲል ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገብቶ መፈልቀቅ የብዙ ሰው ፈተና ነው። እባካችሁ አታድርጉት። ጎኑ ከተበሳ አሲዱ ይወጣል፣ ካቻቢቴው ውስጥ ገብቶ ፕሌት ለፕሌት ካገናኘ ደግሞ እሳት ነው። ባትሪውን የያዘውን የፕላስቲክ ወይም የብረት ቅርፊት ተጨማሪ ብሎን ፈትታችሁ አስፉለት፣ ገልብጣችሁ ጀርባውን በመዳፍ መታ መታ አድርጉት። ቅርፊቱን መሠዋት ካስፈለገ ቅርፊቱ ይሠዋ።

አዲሱን ስትገጥሙ የምላሶቹ አቅጣጫ ከፎቶው ጋር አንድ ይሁን። ቀዩ ወደ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ወደ ኔጋቲቭ። ተገላቢጦሽ ከሆነ ማሽኑ ፊውዙን ያቃጥላል፣ ወይ ፊውዙ ከመድረሱ በፊት ቦርዱ ላይ ያሉት ትራንዚስተሮች ይፈነዳሉ፤ ይህ ደግሞ እውነትም አዲስ ዩፒኤስ የሚያስገዛ ስህተት ነው። ባለ ሁለት ባትሪ ከሆነ አጭሩ ሽቦ የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ነው የሚያገናኘው። እሷን ከገጠማችሁ በኋላ፣ ወደ ማሽኑ የሚሄዱትን ሁለቱን ሽቦ ከመሰካታችሁ በፊት፣ በተረፉት ሁለት ምላሶች መካከል ለኩ፤ 25 ቮልትና ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት። ዜሮ አካባቢ ካሳየ አጭሩን ሽቦ ተሳስታችኋል።

የመጨረሻው ሽቦ ሲነካ «ጧ» ብሎ ትንሽ ብልጭታ ይታያል። የማሽኑ ካፓሲተር ሲሞላ ነው፣ አትደንግጡ፣ አታመንቱም፤ ነካ ነካ ከማድረግ በአንዴ እስከ ሥሩ ገፍታችሁ አስገቡት። ማያያዣው ምላሱ ላይ በጣት ሲገፋ የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት። የምላሱ ሥር ፕላስቲኩን የሚገናኝበት ቦታ ስስ ነውና ምላሱን አትጠምዝዙት፤ እዚያ የተሰነጠቀ ባትሪ ከጥቂት ወር በኋላ አሲድ ያወጣል። ከመዝጋታችሁ በፊት የቀየራችሁበትን ቀን በማርከር ባትሪው ላይ፣ ከውጭም ቅርፊቱ ላይ ጻፉ።

የመጀመሪያው ሌሊት

ምንም ሳትሰኩበት ዩፒኤሱን ግድግዳ ላይ ሰክታችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት ይደር። የእነዚህ ማሽኖች ቻርጀር ብዙውን ጊዜ 1 አምፔር አካባቢ ነው፤ ዳሽቦርዱ በሦስት ሰዓት «ሙሉ» ቢልም የመጨረሻው አስር በመቶ ነው ረጅሙን ሰዓት የሚወስደው። ከዚያ በኋላ በተለመደው ጭነታችሁ ስፒናውን ነቅላችሁ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ጻፉ። በየስድስት ወሩ ከዚህ ቁጥር ጋር ታወዳድሩታላችሁ፤ ግማሽ ሲሆን አዲስ መፈለግ ይጀመራል። በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ዩፒኤስ የአሮጌውን ባትሪ ግምት ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሙሉ ሆኖ ሳለ «4 ደቂቃ ቀረ» የሚላችሁ ለዚህ ነው። በሶፍትዌሩ የባትሪ ቀን ቀይራችሁ አንዴ ከሙሉ እስከ መጥፊያው ማስኬድ ያስተካክለዋል። ይህን ግን በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አታድርጉ፣ እያንዳንዱ ሙሉ ማውጣት ከባትሪው ዕድሜ ይበላል።

አንድ ሌላ መለኪያ አለ፣ እሱም ቻርጀሩን የሚመለከት። ባትሪው ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ ሲሞላ ከቆየ በኋላ ዩፒኤሱን አጥፍታችሁ፣ ስፒናውን ነቅላችሁ፣ ክፈቱና ባትሪውን ወዲያው ለኩ። 13.1 እስከ 13.5 ካለ ጥሩ ነው፣ ሲያርፍ ወደ 12.9 ይወርዳል። ወዲያው ሲለካ 14 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ባትሪውም በእጅ ሲነካ ሞቅ ካለ፣ ቻርጀሩ ከልክ በላይ እየሞላ ነው። ለቋሚ ሙሌት የሚፈለገው በ25 ዲግሪ ከ13.5 እስከ 13.8 ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ውስጡ ያለው ትንሽ ውኃ ወደ ጋዝ ተለውጦ በቫልቩ ይወጣል፣ አይመለስም፤ ምንጣፉ ይደርቃል፣ ባትሪው ይግላል፣ ያብጣል። አሮጌው ባትሪያችሁ አብጦ ከነበረ ይህን መለኪያ አትዝለሉት። እንዲህ ባለ ማሽን ውስጥ ጥሩ ባትሪ ማስገባት ባትሪውን ማቃጠል ነው፤ ቦርዱ በባለሙያ ይስተካከል ወይ ማሽኑ ይቀየር።

መብራት ሲቆይ ምን ይደረጋል

እኛ አገር ባትሪውን በፍጥነት የሚጨርሰው ይህ ይመስለኛል። ዩፒኤስ የተሠራው ሥራ አስቀምጦ ኮምፒውተር ለማጥፋት ነው። መብራት ለሰዓታት ሲሄድ ግን ሰው እስከመጨረሻው ጩኸት ይሠራበታል፤ ማሽኑ በ10.5 አካባቢ ራሱን ይቆርጣል፣ ባትሪውም ባዶውን እንደሆነ መብራት እስኪመጣ ይቀመጣል። ሰልፌቱ በፍጥነት የሚሠራው ባዶ ሆኖ በተቀመጠባቸው በእነዚያ ሰዓታትና ቀናት ነው። ጩኸቱ ሳይፈጥን ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ከዚያ ዩፒኤሱንም በቁልፉ አጥፉ። ጭነት ባይኖርበትም ማሽኑ ራሱ ባትሪውን ይበላልና። ለሳምንታት ቤት የማትኖሩ ከሆነ ሞልታችሁ፣ አጥፍታችሁ፣ ነቅላችሁ ሂዱ፤ በየሦስት ወሩ አንድ ሌሊት ይሞላ።

ዋይፋይ ብቻ እንዲቆይ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ዩፒኤስ ጥሩ መፍትሔ አይደለም። ራውተሩ 12 ዋት ቢስብ ማሽኑ ራሱ 12 ቮልቱን ወደ 220 ሲቀይር ከዚያ የበለጠ ያባክናል፤ ባለ 7 አምፔር ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ይቆያል። በቀጥታ 12 ቮልት የሚሰጥ ትንሽ የራውተር ባትሪ ገዝቶ ዩፒኤሱን ለኮምፒውተሩ መተው ይሻላል።

ቦታውም ይታሰብበት። ሙቀት በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የእርሳስ ባትሪን ዕድሜ ግማሽ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ላይ ያለ ሰው በዚህ ታድሏል፤ ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ላይ ያለ ሰው ግን በየሁለት ዓመቱ መቀየርን ቢጠብቅ ይሻለዋል። የትም ሆነ የት፣ ከፀሐይ መግቢያ መስኮት፣ ከተዘጋ ቁም ሣጥንና ከምንጣፍ ይራቅ፣ በዙሪያው አስር ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተውለት።

የመኪና ባትሪና ሊቲየም

ከውጭ ሽቦ አውጥቶ የመኪና ባትሪ ማሰር ብዙ ሰው የሚያስበው ነገር ነው። ይሠራል፣ ለተወሰነ ጊዜ። ነገር ግን በ1 አምፔር የሚሞላ ቻርጀር ባዶ 70 አምፔር ሰዓት ለመሙላት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ በየቀኑ መብራት በሚሄድበት ቤት መቼም አይጠግብም። ሁለተኛ፣ የትንሽ ዩፒኤስ ትራንስፎርመር ለአስር ደቂቃ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሲሠራ ይግላል፣ ብዙዎቹ ማራገቢያ እንኳ የላቸውም። ሦስተኛ፣ ክፍቱ የመኪና ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ መኝታ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ረጅም ሰዓት የሚፈልግ ሰው ለዚያ የተሠራ ኢንቨርተርና ለጥልቅ ማውጣት የተሠራ ባትሪ ይግዛ።

በሊቲየም ብረት ፎስፌት የተሠራ፣ ልክ የባለ 7ን ቅርጽ የያዘ ባትሪም አለ። ቀላል ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ስንት አምፔር እንደሚችል እዩ። ብዙዎቹ ከ7 እስከ 10 አምፔር ላይ ይቆርጣሉ፣ ኮምፒውተራችሁ ደግሞ 19 ይፈልጋል፤ መብራት በሄደ ቅጽበት ድርግም ይላል፣ ልክ እንደሞተ ባትሪ። 30 አምፔር የሚችል ካላገኛችሁ በእርሳሱ ቀጥሉ።

አሮጌው

ከክብደቱ ከግማሽ በላዩ እርሳስ ነው። ቆሻሻ ውስጥ አይጣል፣ ልጆች የሚደርሱበት ደጅ ላይ አይቀመጥ፣ እርሳሱን ለማውጣት ቤት ውስጥ አይሰበር፣ አይቅለጥ። ባትሪ የሚሸጡ አንዳንድ ሱቆች አሮጌውን ተቀብለው ከዋጋው ይቀንሳሉ፤ ስትገዙ ጠይቁ። ቆራሌውም ይገዛል፣ ግን አሲዱን ቦይ ውስጥ ደፍቶ እርሳሱን ብቻ እንዳይወስድ እኔ ሱቁን አስቀድማለሁ። ለማንም ስትሰጡት ሁለቱንም ምላሶች በናስትሮ ሸፍኑ፤ የሞተ ባትሪም ቁልፍ ካለበት ኪስ ውስጥ ቢገባ እሳት ለማስነሳት የሚበቃ ቀርቶታል።